ማናሴ የሳቀበት ፎቶ

ማናሴን ከባሕር አውጥተው በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ባለችው የናጋርሱክ መንደር ወደብ ጠጠር ላይ ሲያስተኙት፣ የድብ ቆዳ ሱሪው ገና ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። ወሩ ሐምሌ፣ የአገሩ በጋ ነው፤ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ በስስ ሹራብ ቆሟል። ፖሊሷ አቪያያ ይህን አይታለች፤ ወረቀቷ ላይ ግን አላሰፈረችውም። ያሰፈረችው የሟቹ አማች ኡያራክ የነገራትን ነው።

«ጠጥቶ ነበር። ብቻውን ወደ ተንሳፋፊው የበረዶ ተራራ ተጠጋ፤ በረዶው ተገለበጠበት። እኛ ያየነው ከሩቅ ነው።»

የመንደሩ ሹምና ባለ ሱቅ ካርል ከጎኗ ቆሞ ነበር። «ፈርሚና የጎብኚዎቹ መርከብ ትሂድ። ባሕሩ የብርዱን ወራት ሙሉ በረዶ አልያዘም። እንግዳ ካልመጣ ምን ልንበላ ነው?»

ፈረመች።

ሰዓት ሳይሞላ ወሯ የገባው ፒፓሉክ፣ የማናሴ ልጅ፣ የፖሊስ ቢሮውን በር ከፍታ ገባች።

«አባቴን ሰካራም ብለሽ ጻፍሽው አሉ።»

«ባልሽ ነው የነገረኝ፣ እህቴ።»

«እናቴ ከሞተች ወዲህ ቀምሶ አያውቅም! ሌሎቹ ደግሞ ራሱን አጠፋ ይላሉ፤ አምና አሥራ አንዱን የበረዶ ጋሪ ጎታች ውሾቹን ስለገደለ። ምን ያብላቸው? በረዶ ከሌለ የሚበሉት የባሕር እንስሳ፣ አቆስጣው፣ ከየት ይታደናል?» ሆዷን ያዘች። «ይህ ልጅ ሰሞኑን ይወለዳል። የአባቴን ስም ይወርሳል፤ ከስሙ ጋር አባቴ ይመለሳል። እንዲህ አቆሽሸሽ ነው የምትሰጪኝ?»

የአቪያያ ፊት ጋለ። ኡያራክን ያመነችው ማመኑ ስለቀለላት ነበር።

ወደ ማናሴ ጀልባ ወረደች። ሞተሩ ከውኃ በላይ ተነስቶ ተቆልፏል። ሁለቱ መቅዘፊያዎች ከመቀመጫው ሥር እንደታሰሩ ናቸው። ነጭ በተቀባው የጀልባው ጀርባ ላይ አዲስ ግራጫ የጎማ ጭረት አለ።

የመርከቧ አስጎብኚ ስቬን ወደቡ ላይ ሰዓቱን እያየ ይንቆራጠጥ ነበር።

«አጠገቡ ነበራችሁ?» አለችው በዴንማርክኛ።

«አዎ። ግን ለፎቶ ወደ በረዶው የተጠጋው ፈቅዶ ነው! ኡያራክ በቋንቋችሁ ጠይቆልኛል። እየሳቀ ነበር እኮ፤ ይኸው።»

ስልኩን ዘረጋላት። ማናሴ ጀልባው ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ሰማያዊ በረዶ። አፍንጫው ተሸብሽቦ፣ የላይ ከንፈሩ ተነስቶ ጥርሱ ይታያል። አቪያያ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ላክልኝ» አለች።

ኡያራክን ያገኘችው የመርከቧን የጎማ ጀልባ ሲያጥብ ነው።

«ከሩቅ ነው ያየነው አልክ?»

«አንቺ ደግሞ መርማሪ ሆንሽ! ትናንት የካርልን መረብ ፍለጋ ስትዞሪ አልነበር?»

«አግኝቼዋለሁ» አለች።

ከመርከቧ መነሻ አንድ ሰዓት ሲቀር አራቱን በትምህርት ቤቱ ክፍል አስቀመጠቻቸው፤ ካርልን፣ ስቬንን፣ ኡያራክንና ፒፓሉክን። ስቬን እንዲገባው በዴንማርክኛ ጀመረች።

«በሐምሌ የድብ ሱሪ ለብሶ የሚያድን የለም። ማናሴ ለእንግዶች ነው የለበሰው።»

ፒፓሉክ አንገቷን ደፋች። «ያለበስኩት እኔ ነኝ። ኡያራክ እንግዶቹ ይወዱታል ብሎኝ።»

«በረዶ አጠገብ አዳኝ ሞተሩን አያጠፋም፤ ሲገለበጥ የሚያመልጥበት ነውና። የማናሴ ሞተር ግን ተነስቷል።»

«እኔ ነኝ» አለ ስቬን ቀስ ብሎ። «ፎቶው የድሮ ዘመን እንዲመስል ብዬ…»

«መቅዘፊያውም ታስሯል። ሞተር የለው፣ መቅዘፊያ የለው። እንዴት ተጠጋ? ጀርባው ላይ የጎማ ጭረት አለ። ሌላ ጀልባ ገፍቶታል። የጎማውን ጀልባ የሚነዳው ማን ነበር?»

ስቬን ወደ ኡያራክ ጠቆመ።

«ሰውየው እየሳቀ ከፈቀደ ታዲያ…» አለ ካርል።

አቪያያ ፎቶውን ፊቱ አኖረችለት። ካርል አየና ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠው።

«ምንድን ነው?» አለ ስቬን።

«እኛ እሺ ስንል ቅንድባችንን እናነሳለን» አለች አቪያያ። «አፍንጫ መሸብሸብ እንቢ ነው። አንተ ሳቅ መሰለህ፤ አልፈርድብህም። እሺ ብሏል ብሎ የተረጎመልህ ሰው ግን እዚህ ተወልዶ ያደገ ነው። የመጠጡን ወሬም የፈጠረው ይህን ሊሸፍን ነው።»

ኡያራክ በገዛ ቋንቋው ተናገረ። «እንግዶቹ ፊት እንቢ አለ ልበል? አፈርኩ። ‹አባባ፣ አታዋርደኝ› አልኩት። ዝም አለኝ። ጀልባውን ወደ በረዶው ገፋሁት።»

«ዝም ሲል አፍንጫው ምን ይል ነበር?» አለች ፒፓሉክ።

«እንደዚያው ነበር» አለ ኡያራክ።

አቪያያ የመጀመሪያውን ወረቀት አወጣች። «ጠጥቶ» የሚለውን ሰረዘች፤ ከሥሩ «ሳላጣራ ጽፌ ነበር» ብላ ስሟን አኖረች። ከዚያ ወረቀቱን ለካርል ሰጠችው። «ሱቁ በር ላይ ለጥፈው። ሰው ሁሉ ያንብበው።» ኡያራክን ነገ ሄሊኮፕተር ለፍርድ ወደ ከተማ ይወስደዋል።

ኡያራክ ሚስቱን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «ልጁን… በእሱ ስም ትጠሪዋለሽ?»

ፒፓሉክ ቅንድቧን አነሳች። «አንተም ትጠራዋለህ። ስትመለስ ‹አባባ› ትለዋለህ። እንቢ ሲልህ ታየዋለህ።»

«ምን አለችው?» ሲል ስቬን ጠየቀ።

የተረጎመለት አልነበረም።