የአንለይ ጋቢ

ጠጋ ጠጋ በሉ። ጨለማው ምንም አያደርጋችሁም፤ የሚያስፈራው የማወራላችሁ ሰውዬ ነው። ስሙን ስጠራው ይቀፈኛል። ደምለው ይባላል። ድሮ ነው፤ አገሩን አልነግራችሁም።

ደምለው አንለይ የሚባል ጓደኛ ነበረው። ከአንድ ገበታ የሚበሉ ጓደኛሞች። የደምለው ዓይን ግን የት ነበር? የአንለይ ሚስት ላይ፣ የሻረግ ላይ! ቱ!

አንድ ቀን ሁለቱ ገበያ ሲሄዱ፣ መንገዱ ዳር ያለ ገደል አፋፍ ላይ አንለይ ሞቀውና ጋቢውን አወለቀ።

«እስቲ ያዝልኝ፣ ወንድሜ» አለው።

ደምለው በአንድ እጁ ጋቢውን ተቀበለ፤ በሌላው ገፈተረው። ከዚያስ? እያለቀሰ ተመለሰ። «ገበያ ውስጥ ተጠፋፋን» አለ። አገሬው አንለይን ፈልጎ ፈልጎ አጣውና ሞቷል ብሎ ለቅሶ ተቀመጠ።

ሬሳ ሲታጣ ምን ይደረጋል? የሟቹ ልብስ ይወጣል፤ ለቀስተኛው እሱን እያየ ያለቅሳል። ደምለው ታዲያ ምን ይዞ መጣ? ያንኑ ጋቢ! ከፍ አድርጎ ይዞት ደረቱን ይደቃል፤ ንፍጡ አገጩ ድረስ ወርዷል። ከሚስቲቱ በላይ አለቀሰ። አያስጠላም?

የሻረግ ጠጋ አለችው።

«ይሄን ጋቢ ከየት አመጣኸው?»

«አምና የሰጠኝ ነው፣ እህቴ። ማስታወሻዬ ነው።»

የጋቢው ጠርዝ ላይ ቀይ ክር አለ። ባሏ ገበያ ሊወጣ ሲል፣ በዚያው ጠዋት፣ የተቀደደውን የሰፋችው እሷ ናት። ጋቢውን ራሷ አለበሰችው።

«ልበሰው። ባለቤቱ ሲፈልገው ይመጣል» አለችው።

እሱ ሐዘን ያዞራት መሰለው።

ሲመሽ ደምለው በገደሉ መንገድ ብቻውን ወደ ቤቱ አቀና። መጀመሪያ ሽታ መጣ። የበሰበሰ ሥጋ ሽታ። ዘወር ብሎ አየ፤ ምንም የለም። የሚሸተው የለበሰው ጋቢ ነው! ቀጥሎ ጋቢው ረጠበ። ቀጥሎ ከበደ። ሰው ያዘለ ያህል ከበደው። ሊያወልቀው ታገለ፤ አልወልቅ አለው። ከዚያ ጆሮው ሥር፦

«ወንድሜ፣ በረደኝ።»

ጩኸቱን መንደሩ ሁሉ ሰማ። ጠዋት ሰዎች ገደሉ ሥር ወርደው አዩ። ሁለት ሬሳ፣ አንድ ጋቢ ውስጥ። የአንለይ እጅ የደምለውን አንገት አንቋል።

የሻረግ ባሏን አግኝታ ቀበረች። ደምለውንስ? ለእሱ ልብስ ያወጣም፣ ያለቀሰለትም የለም። ደግ አደረጉ!

እናንተም ስትመለሱ ብቻችሁን አትሂዱ። አብሯችሁ የሚሄደውንም ደህና አድርጋችሁ እዩት።

ቆይ... ምንድን ነው የሚሸተው? አንተ፣ ጥጉ ላይ የተቀመጥከው! ያንን ጋቢ ከየት አመጣኸው?