ከኋላ፣ በግራ በኩል

«ድምፅ አላት» አለኝ ሰውየው፣ ገና ከመኪናው ሳይወርድ። «ከኋላ፣ በግራ በኩል። ፍሬን ቀስ አድርጌ ስነካ ብቻ።»

ሰላምታ እንኳን አላስቀደመም! በደቡብ ጀርመን ከኬምፕተን ከተማ አጠገብ ካለችው ጋራዤ ደጃፍ ያቆማት ሰማያዊ ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ግን ለእኔ አዲስ አልነበረችም። ባለፈው መስከረም የኋላ ፍሬን ሸራዋን የቀየርኩት እኔው ነኝ። ያኔ ያመጣት እህቱ ስለነበረች፣ ባለቤቱን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ኮርቢንያን ፋልክ ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጺሙን መላጨት የሚረሳ ሰው። ሥራው ክፍል የሚያህሉትን ባለ ቧንቧ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋኖች መቃኘት ነው።

«ምን ዓይነት ድምፅ?»

ዓይኑን ጨፍኖ አፏጨልኝ። ከንፈሩ ሲሾል አየሁ፤ የሰማሁት ግን ትንፋሹን ብቻ ነው።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ በአየር ማሽን ብሎን ስፈታ ኖሬ፣ ቀጫጭን ድምፆች አንድ በአንድ ጥለውኝ ሄደዋል። ጆሮዋ የደከመ መካኒክ መባሌ ከተሰማ መኪናውን ማን ያመጣልኛል? አብረን ትንሽ ነዳን። «ይኸው! ሰሙት?» ይለኛል። እኔ ኮራ ብዬ «ምንም የላትም» አልኩት።

በሳምንቱ ማክሰኞ ተመልሶ መጣ። በሚቀጥለውም። የሚጠይቀኝ አያልቅበትም። ዲስኩ ለምን ይግላል? ዝናብ ሲዘንብ ለምን ይብሳል? ይህች ቁራጭ ብረት ምን ትሠራለች? ሳብራራለት አፉን ከፍቶ ያዳምጠኛል። እኔም ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ጸጉሬን መታጠብ ጀመርኩ።

ጋራዡን ያስረከበኝ አጎቴ ዜፕ ጆሮው ከእኔም የባሰ ነው። «ሮዚ፣ የዚህ ሰውዬ ፍሬኑ ደህና ነው» አለኝ ብሬትዘል የሚባለውን ጠምዛዛ ዳቦውን እያኘከ። «የታመመው ልቡ ነው!»

አመንኩት። ማመን ፈለግኩ።

በአራተኛው ማክሰኞ «አቶ ፋልክ» አልኩት፣ ፊቴ እየጋለ። «እኔን ለማየት ከሆነ ፍሬን ሰበብ ማድረግ አያስፈልግዎትም። እራት ቢጋብዙኝ እሺ እላለሁ።»

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ሰበብ? አራት ጊዜ ስመላለስ የምዋሽ መሰለዎት?»

«ታዲያ ድምፁ የታለ?»

«ይቅርታ፣ ወይዘሪት ሃይንድል። ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም።»

መኪናውን አስነስቶ ወጣ። ከግቢው በር ሲደርስ ፍሬን ነካ። ዳቦ ይዘው የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ፊታቸውን አጨማደው ጆሯቸውን ያዙ። እኔ ግን ምንም አልሰማሁም። ሰውየው እውነቱን ነው... ውሸታሟ እኔ ነኝ!

በማግስቱ የሚሠራበትን ቤተ ክርስቲያን አፈላልጌ ሄድኩ። ኦርጋኑ ሆድ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት።

«አልሰማም» አልኩት። «ቀጭን ድምፅ አልሰማም። ዓመታት ሆነኝ። ምንም የላትም ያልኩዎት ስላፈርኩ ነው።»

ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ዓይኑ በራ። «ከየት ጀምሮ?»

«ምኑ ከየት ጀምሮ?»

«እዚህ ይቀመጡ። ድምፁ ሲጠፋብዎት እጅዎን ያንሱ።»

ከወፍራሙ ድምፅ ተነስቶ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየተጫነ ወደ ቀጭኑ ሄደ። እጄን ሳነሳ ገና ብዙ ቁልፎች ቀርተውት ነበር። ቆጠራቸው፤ ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ይህን ሁሉ ብቻዎን ይዘውት ኖሩ?» አለኝና እጄን ያዘ። ያኔ አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ጋራዤ ውስጥ ባለው የመኪና ማንሻ ላይ ሰቀልናት። እሱ ውስጥ ተቀምጦ፣ ጎማዎቹ በአየር ላይ ሲዞሩ ፍሬኑን በስሱ ይነካል። እኔ በእንጨት ዘንግ የፍሬኑን ክፍሎች አንድ በአንድ እጫናለሁ።

«አለ... አለ... አሁንም አለ... ጠፋ! እዚያው ያዢው!»

አንቺ ማለቱን ሁለታችንም ልብ ያልነው ቆይተን ነው።

የምትጮኸው ከሸራው ጀርባ ያለችው ስስ ብረት ነበረች፤ ዝጋ ላልታለች። መስከረም ላይ በአዲስ መቀየር ሲገባኝ አሮጌዋን መልሼ ገጥሜ፣ ስሞክራት አልጮኸችም ብዬ መኪናዋን ሸኝቻት ነበር። ይህንንም ሳልደብቅ ነገርኩት። አጸዳሁ፣ አዲስ ገጠምኩ፣ ግሪስ ቀባሁ። ግቢውን ሁለቴ ዞረና ፈገግ ብሎ ወረደ።

«ለነገሩ...» አለኝ ጺሙን እያከከ፣ «የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜዎች ለፍሬኑ ነው የመጣሁት። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ጋራዥ መሄድ እችል ነበር።»

«ለምን አልሄድክም?»

«እራቱን ስንበላ እነግርሻለሁ።»

ነገረኝም። በግንቦት ልንጋባ ማዘጋጃ ቤት ሄድን። በመሐሉ የጆሮ ሐኪም የሰጠኝን የመስሚያ መሣሪያ ከጸጉር አሠራሬ ጋር አልሄድ ቢለኝ መሳቢያ ውስጥ ትቼው ነበር። አጋቢዋ ሴት ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ አፏ ሲንቀሳቀስ ብቻ አያለሁ። በድንገት አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ሁሉም እኔን ያያል። ከኋላዬ የተቀመጡት ግማሾቹ ደንበኞቼ ናቸው።

«አልሰማሁም!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ምን አለች?»

ኮርቢንያን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ታገቢዋለሽ ወይ ነው የምትልሽ።»

«አዎ!» ብዬ ጮህኩ፣ አጋቢዋ ብዕሯ ከእጇ እስኪወድቅ ድረስ።