ዳማ ያን ቀን የት ነበረች?

ከእኔ ጋር ሻይ የጠጣ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ብርጭቆዬን አንሥቼ ወንበር የምቀይር ሰው ነኝ። ደባርቅ ተወልጄ ያደግሁ፣ እዚሁ ፊዚክስ የማስተምር ሴት ነኝ፣ በልጅነቴ ከሊማሊሞ ገደል ሥር ሰውን በስሙ ስለሚጠራ ነገር ያልሰማሁት ተረት የለም፣ ግን ለሁሉም መልስ ነበረኝ፤ የገደል ማሚቶ ነው፣ ነፋስ ነው፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው እያልሁ እስቅ ነበር። እንግዲህ ይኼን የምነግራችሁ እንዲህ ያለችዋ አስካል መሆኗን አስቀድማችሁ ያዙልኝ፣ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምነውም ነበር፣ እውነቴን ነው።

ነገሩ የጀመረው እናቴ ካረፈች በኋላ ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ፣ አገሩ ሁሉ የኔታ የሚላቸው ሰው ናቸው፣ ከጃናሞራ በወጣትነታቸው መጥተው ደባርቅ ላይ ጎጆ የቀለሱ፣ ድምፃቸው ከቤተ ክርስቲያን እስከ ገበያ ይሰማል የሚባልላቸው። ታዲያ እኒህ ሰው እናቴን ቀብረው ሲመለሱ ዝም አሉ። ዝም አሉ ስላችሁ ወሬ ቀነሱ ማለቴ አይደለም፣ አንድ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ጎንደር ድረስ ወስጃቸው ብዙ ምርመራ ተደረገላቸው፣ አንደበታቸውም ራሳቸውም ደህና ነው፣ ሐዘን ነው፣ ታገሺ ተባልሁ። ጋቢያቸውን ተከናንበው መስኮቱ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ይውላሉ፣ ስናገራቸው ዓይናቸውን ይሰጡኛል፣ ምግብ ሳቀርብ ለወጉ ቀምሰው ይገፉታል። ክፍል ገብቼ ሳስተምር እንኳ ልቤ እዚያ መደብ ላይ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከጊቢያችን የኋላውን ክፍል አንዲት ወጣት ሐኪም ተከራየችው፣ ማህሌት ትባላለች፣ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ስትመጣ በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው መስኮት ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ይዛ ነበር፣ በመስኮቱ ሳይ ሁለት ትልልቅ ጆሮዎችና ኩል የተኳሉ የሚመስሉ ዓይኖች ያዩኛል። ድመት ናት። ግን እንደኛ ድመት አይደለችም፣ ሰውነቷ ቀጠን፣ አንገቷ ረዘም፣ እግሯ መለል ያለ፣ ስትራመድ መሬቱን የምትጸየፍ ነው የምትመስለው።

ትንሽ ቆይታ ማህሌት ወደ እኔ መጣች።

"እትዬ አስካል፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነበር፣ ግን እንዳትስቂብኝ።"

"በይ፣ ምን ቸገረሽ?"

"ድመቴ ብቻዋን መዋል አትችልም፣ እኔ ደግሞ ሥራ እውላለሁ።"

ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። "እኛ አገር ድመት አይጧን ይዛ፣ ማታ እሳት ዳር ተጠቅልላ ታድራለች፣ ምን ጓደኛ ያሻታል?"

"ይቺ ዝርያዋ ሌላ ነው። አቢሲኒያን ነው የሚባለው።"

"አቢሲኒያማ እኛ አይደለንም እንዴ! የአገሬ ልጅ ናት በዪኛ።"

"ስሙ ነው እንጂ" አለች እየሳቀች፣ "ዘሯ ከየት እንደተነሣ እንኳ ባለሙያዎቹ አልተስማሙም፣ ከሌላ አገር ነው የሚሉ አሉ። እሷን ጓደኛዬ ከውጭ ነው ያመጣችልኝ።" ከዚያ ቀስ ብላ ጠባይዋን ነገረችኝ። ታቅፈሽኝ ዋዪ የምትል ዓይነት አይደለችም፣ ግን ሰው ካለበት አትጠፋም፣ የምትሠሪውን ሁሉ ካላየች አይሆንላትም። ከፍ ያለ ነገር ላይ መውጣት አለባት፣ መጫወት አለባት፣ ድዷ ቶሎ ስለሚታመም ጥርሷ በትንሽ ብሩሽ ይጸዳል፣ ደጅ አትለቀቅም። ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል፣ ቢርባት እንኳ በሹክሹክታ ነው የምትጠይቀው። "ብቻዋን ከሆነች ግን" አለችኝ፣ "መጀመሪያ ዝም ብላ ትቀመጣለች፣ ከዚያ መብላት ታቆማለች።"

መብላት ታቆማለች ስትለኝ ሳላስበው ዓይኔ ወደ መደቡ ዞረ።

"አምጫት" አልሁ። "ከአባዬ ጋር ትዋል።"

የመጀመሪያው ቀን ከአባቴ ራስ በላይ ካለው የመጻሕፍት መደርደሪያ ወጥታ ቁልቁል ስታያቸው ዋለች፣ እሳቸውም ሽቅብ ያዩአታል። ከዚያ ወደ መስኮቱ ወረደች፣ ቀጥሎ ወደ መደቡ፣ ከጭናቸው ላይ ሳይሆን ከጎናቸው ጋቢውን ነክታ ተቀመጠች። ማህሌት አንድ ቀን የድመቷን ጠጉር በጣቷ ይዛ ወደ ብርሃኑ አሳየችን፤ አንዲቷ ጠጉር ብቻዋን ሥሯ ቀላ ያለ፣ ከፍ ሲል ጥቁር፣ ደግሞ ቀላ፣ ጫፏ ላይ መልሶ ጥቁር ነው። "የዚህ ዘር ምልክቱ ይሄ ነው፣ እያንዳንዷ ጠጉር እንዲህ ናት" አለች። አባቴ ጠጉሯን ተቀብለው ብዙ አዩዋት፣ ድመቷን አዩ፣ እንደገና ጠጉሯን አዩ።

"ዳማ" አሉ።

 ዳማ የፈረስ መልክ ነው፣ እንዲህ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ታውቁታላችሁ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፣ ግን ያቺ አንዲት ቃል ለእኔ እንደ ትልቅ ጉባኤ ነበረች፣ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድመቷ ዳማ ሆነች፣ እሳቸው ሲበሉ ትበላለች፣ እሷ ትብላ ብለው እሳቸውም ይበላሉ፣ ክር ላይ የታሰረ የዶሮ ላባ እየጎተቱ ያጫውቷታል። ሌላ ቃል ግን የለም። ዳማ ብቻ።

አሁን ያኔ ንቄ ያለፍኋቸውን ሁለት ነገሮች ልንገራችሁ። አንድ ከሰዓት ፈተና ሳዘጋጅ ዳማ ወረቀቴ ላይ ተጋድማ ክንዴን ተደግፋ ተኝታለች፣ በዚያው ቅጽበት ከአባቴ ክፍል ድመት ደስ ሲላት ከደረቷ የሚወጣው ያ እርር እርር የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ጆሮዬን ወደ ዳማ ደረት አስጠጋሁ፣ ጸጥ ብላለች። ተነሥቼ ሄድሁ፣ አባቴ ተኝተዋል፣ ከእግራቸው በኩል ጋቢው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሰርጉዷል፣ ብዳስሰው ይሞቃል። እግራቸውን አሁን ከዚያ አንሥተው ይሆናል ብዬ ተውሁት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ኮርኒሱ ላይ ቀላል ኮቴ ሲሄድ ሰማሁ፣ አይጥ ነው አልሁ፣ ድመት አይጥ ስትሰማ ግን ታደባለች አይደል? ዳማ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ፣ ዘመድ እንደመጣባት ሁሉ ሽቅብ ታያለች። እሱንም ተውሁት። ሰው መተው ከፈለገ የማይተወው ነገር የለም።

ያቺ ቀን የመጣችው ፈተና በምናርምበት በሰኔ ሰሞን ነው። ከቀትር በኋላ ጉሙ ከገደሉ ተነሥቶ ከተማውን ዋጠው፣ የደባርቅን ጉም የማያውቅ ሰው ጉም አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል፣ ባጃጆቹ በቀን መብራት አብርተው ጥሩንባ እየነፉ ነው የሚሄዱት። ቤት ስደርስ በሩ ክፍት ነው፣ መደቡ ባዶ ነው፣ መቋሚያቸው ከጥግ የለም። ዳማን ብፈልግ ዳማም የለችም። የማህሌት ክፍል መጋረጃው ተጋርዷል፣ ሥራ ላይ ናት ብዬ አላንኳኳሁም።

ወዴት ይሄዳሉ? እናቴ የተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ከከተማው ዳር ነው፣ ወደዚያው ሮጥሁ። ዘበኛው "የኔታ አልመጡም፣ እንኳን ሰው ዛሬ ደወሉም አልታየኝ" አለኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ያለፈ መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ በገብስ ማሳው መሐል አልፎ ወደ ገደሉ አፋፍ የሚወስደው። በዚያው ሄድሁ።

የዘረጋሁት እጄ አይታየኝም። ከግራዬ ጭላዳዎች እርስ በርሳቸው ያጉረመርማሉ፣ በጉም ውስጥ ስትሰሟቸው ልክ በሹክሹክታ የሚመካከሩ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። "አባዬ! አባዬ!" እያልሁ እጣራለሁ፣ እየተጣራሁም የምጠራው ሰው መልስ እንደማይሰጥ አውቃለሁ። ዝም ያለን ሰው በጉም ውስጥ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፣ ከአጠገቤ ቢሆኑ እንኳ በምን አውቃለሁ?

ይኼኔ ነው የሰማሁት። የድመት ድምፅ ነው፣ ረጅም፣ ወፍራም፣ ሕፃን ከሩቅ እናቱን ሲጠራ እንደሚያወጣው ያለ። ያቺ በሹክሹክታ የምትለምን ድመት እንዲህ ያለ ድምፅ ከየት አመጣች አላልሁም፣ ማሰቢያ ጊዜም አልነበረኝ። "ዳማ!" አልሁና ወደ ድምፁ ዞርሁ። እንደዞርሁ ዝም አለ። ጥቂት ተራምጄ መንገድ ስስት እንደገና ጮኸ፣ ሳስተካክል ዝም አለ፣ ስስት ጮኸ። እመኑኝ፣ እጄን ይዞ የሚመራኝ ሰው ቢኖር ከዚህ የተሻለ አይመራኝም ነበር።

ከዚያ አየኋት። ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፣ ያው መልክ፣ ያው ጆሮ፣ ያው የተኳለ ዓይን። የእኔ ነጠላ ውኃ ያንጠባጥባል፣ የድንጋዩ ሽበት ርሷል፣ ሣሩ ሁሉ ዶቃ የተሰካበት ይመስል ጤዛ ተሸክሟል፣ እሷ ግን ደረቅ ናት። አንዲት ጠብታ የለባትም። አየችኝ፣ ወረደች፣ ሄደች፣ ተከተልኋት።

አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ዳማ ጫማቸው ላይ፣ በሁለቱም እግሮቻቸው ላይ ተዘርግታ ተኝታለች። ከእሷ ወዲያ ሣሩ አልቋል። ስጠጋ በእግሬ ጠጠር መታሁ፣ ጠጠሯ ተንከባላ ከሣሩ ጫፍ አለፈች፣ መሬት ስትነካ ግን አልሰማሁም። ጮኼ ከኋላ አቀፍኋቸው።

"ቀስ በዪ አስካሌ" አሉ፣ "ታስደነግጫታለሽ።"

አባቴ ናቸው። በዚያ በማውቀው ድምፃቸው። አጥብቄ ይዤ ወደ ኋላ ሳብኋቸው።

"ማንን ነው የማስደነግጥ አባዬ?"

"ዳማን ነዋ። እናትሽ ዘንድ ልሄድ ብዬ ወጥቼ መንገዱ ጠፋኝ፣ አንድ እርምጃ ልራመድ ስል መጥታ ተኛችብኝ። ባነሣት እምቢ፣ ብገፋት እምቢ።"

ቁልቁል አየሁ። ጫማቸው ላይ ምንም የለም። ወደ ኋላ ስስባቸው ዘላ ሄዳ ይሆናል አልሁ፣ ዳማ ዳማ ብዬ ተጣራሁ፣ የለችም። ጉሙ እየከበደ ነበር፣ አባቴን ደግፌ ተመለስሁ፣ መንገዱን ሙሉ ስለ እናቴ አወሩኝ፣ እኔም በአንድ ዓይኔ እያለቀስሁ በሌላው ድመቷን እፈልጋለሁ፣ ለማህሌት ምን እላታለሁ እያልሁ።

የጊቢው በር ላይ ማህሌት ቆማለች። ትከሻዋ ላይ ዳማ አለች።

"የት ነበራችሁ? በጭንቀት ሞትኩ እኮ!"

"ዳማን የት አገኘሻት?" አልኋት።

"የት አገኘኋት? ከጠዋት ጀምሮ እኔ ዘንድ ናት። ዛሬ ረፍት ነኝ፣ ጥርሷን ላጽዳላት ብዬ የኔታ ተኝተው ሳለ ወሰድኋት፣ ከዚያ በሩን ቆልፈን አብረን እንቅልፍ ወሰደን።" ፊቴን አይታ ድምፅዋን ቀነሰች። "ምነው እትዬ አስካል?"

ዳማ ከትከሻዋ ዘላ ወረደች፣ በቀጥታ ወደ አባቴ ጫማ ሄደች፣ አፍንጫዋን አስጠግታ ብዙ፣ ብዙ አሸተተች። ከዚያ ጉንጯን አሻሸችበት። የጫማው ማሰሪያ ላይ ጠጉር ተይዟል፣ ማህሌት ነቅላ ወደ አምፖሉ አስጠጋችው፤ ቀላ፣ ጥቁር፣ ቀላ፣ ጥቁር። የዳማ ጠጉር ከቤታችን መቼ ጠፍቶ ያውቃል ብዬ ልከራከር ስል ያን ጫማ አባቴ ከቀብሩ ቀን ወዲህ አድርገውት እንደማያውቁ፣ ከሳጥን ተዘግቶበት እንደነበረ ትዝ አለኝ።

ማህሌት የተማረች ናት፣ "የዱር ድመት ይሆናል" አለች፣ "ሰሜን ተራራ ላይ መልካቸው የሚመሳሰል አሉ።" እኔም ይሁን አልሁ። የዱር ድመት ግን የሰው እግር ላይ ይተኛል? በዚያ ጉም መሐል ደርቆ ይቀመጣል? አባቴን ስጠይቃቸው ፈገግ ብለው "ለማመስገን ማወቅ ግድ ነውን?" ይሉኛል።

አባቴ ዛሬ ይበላሉ፣ ይናገራሉ፣ ይቆጣሉም። የቅኔ ተማሪዎች ወደ ቤታችን መምጣት ጀምረዋል፣ ዳማ መደርደሪያው ላይ ሆና ሁሉንም ትሰማለች፣ ማህሌትም ዝውውር ደርሷት ሳለ አልሄድም ብላ ቀርታለች። ቤታችን እንዲህ ሞልቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ አለ። መሸት ሲል ብርዱን ፈርቼ በሩን ልዘጋ ስነሣ አባቴ ያስቆሙኛል።

"አስካሌ፣ ትንሽ ገርበብ አድርገሽ ተይው።"

"አባዬ ብርድ ይገባል፣ ዳማም እንደሁ ይቺው ከጎንዎ ናት።"

"እሷማ አለች። ያቺኛዋ ገና አልገባችም።"

መጀመሪያ ለእሳቸው ስል ነበር ገርበብ የማደርገው። አሁን ሳይነግሩኝም አደርገዋለሁ፣ ገርበብ አድርጌው እተኛለሁ፣ ጠዋት ስነሣ ግን ሁልጊዜ ተዘግቶ ነው የማገኘው፣ ከውስጥ።