ፍየሏ የላሰችው ሳጥን

ኸይረዲን የሞተው ጁምዓ ቀን ነው፤ የሶላት ሰዓት ሆኖ መንገዱ ጭር ባለበት። ኢንስፔክተር ተናኜ ከቆቦ መናኸሪያ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ሱቁ ስትገባ በግንባሩ ተደፍቶ አገኘችው። ማጅራቱ ተፈንክቷል። አጠገቡ አንድ የድሮ አምፕሊፋየር የብረት ሳጥን አራቱም ጎኑ ጥቁር ሸካራ ቀለም ተቀብቶ ቆሟል። ቀለሙ ገና እርጥብ ነው። በአንደኛው ጎን ዝንብ ተጣብቆ ይንፈራገጣል፤ በሌሎቹ ጎኖች ግን አንድም ዝንብ የለም።

ተናኜ ይህን በማስታወሻዋ ጻፈች።

ኸይረዲን ያረጀ ብረት ወጣት የሚያደርግ ሰው ነበር። ከአባቱ ዕድሜ የሚበልጥ የራዲዮና የአምፕሊፋየር ሳጥን ይመጣለታል፤ አሮጌውን ቀለም ብረቱ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፤ ከዚያ ወፍራሙን ቀለም በቡርሽ ይቀባል። ቡርሹን አይጎትትም፣ ይወቅጥበታል። ሲደርቅ የአዞ ጀርባ ይመስላል። «ጅብ አንዱን ሳጥኔን ሲነክስ ጥርሱ እንደ ቢላ ተሳለለት፤ ከዚያ ወዲህ ዋጃ ድረስ አህያ አልተረፈም» ይል ነበር። ቆቦ በውሸቱ እየሳቀ ሥራውን ያደንቅለታል።

አሁን ግን የሚስቅ አልነበረም። የእህቱ ባል ዒምራን፣ የሥራ ባልደረባውም ነው፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ እጁ እስከ አንጓው በጥቁር ቀለም ተለውሶ ተገኘ። የሟች ታላቅ ወንድም እንድሪስ መሣሪያውን አንግቶ ከዋጃ መጣ፣ ወንድሙን ቀበረ፣ ከመቃብር በቀጥታ ወደ ተናኜ ሄደ።

«በሦስተኛው ቀን ዱዓ አለ፣ ልጄ። ዱዓው ሲያበቃ የገዳዩን ስም ጥሪልኝ። ካልጠራሽ እኔ የማውቀውን እጠራለሁ።»

«ዒምራንን ማለትዎ ከሆነ ጣቢያ ነው ያለው።»

«እሱን ብታስሪው ወንድሞቹ ውጭ ናቸው» አለና ሄደ።

ዒምራን ጣቢያ ውስጥ እጆቹን ጭኑ መሃል ደብቆ ተቀምጧል።

«ጠዋት ሦስቱን ጎን አብረን ቀባን» አለ። «በአራተኛው ጎን አሮጌው ቀለም አልለቅ ብሎት ኸይሩ እየፋቀ ነበር። እኔ ወደ መስጊድ ወጣሁ። ስመለስ አራቱም ተቀብቷል፣ እሱም ወድቋል። ላነሳው ስል የቀለሙ ጣሳ እጄ ላይ ተደፋ።»

«ሳጥኑን ማን አመጣው?»

«እሱ ነው የተቀበለው። ስጠይቀው ‹የጂኖች ሰርግ አለ፣ ሙሽራው ነው የላከው› አለኝ። ጨዋታው እንዲህ ነው።»

«ቀለሙን የሚያሻክረው ምንድን ነው?»

«አሸዋ ነዋ። ጎሊና ወንዝ፣ ከሾላው ሥር ያለው ደቃቁ። በነጠላ ነፍተን እንጨምረዋለን።»

ከሱቁ ፊት ለፊት ቀለም የምትሸጠው ዘሊካ ተናኜን ወንበር ስባ አስቀመጠቻት። ኸይረዲን ሊያገባት ቀጥሮ የቀረባት ስንት ጊዜ እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል።

«ተናደሽበት ነበር ይላሉ፣ እትዬ ዘሊካ።»

«ብናደድ በሕይወት እያለ አንቀው ነበር እንጂ ጁምዓን ምን አስጠበቀኝ?» አለችና ዓይኗን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገች። «አሸዋ ነው ያለሽ ማን ነው? የተቆላ የማሽላ ዱቄት ነው። ለሰው እንዳልናገር አስምሎኛል፣ አላህ ይማረኝ።»

«ያን ቀን ሱቁ የመጣ ሰው አላየሽም?»

«ዘግቼ ነበር። የእሱ ደንበኛ ደግሞ ብዙ ነው። ለሰርግ ድምፅ ማጉያ የሚያከራየው መንሱር እንኳ ዕቃውን ሁሉ የሚያሳድሰው እሱ ጋ ነው። ሸሪኩ ኑርዬ አምፕሊፋየሩን ይዞ ጅዳ ከኮበለለበት ወዲህ አሮጌ እየለቃቀመ ነው የሚሠራው።»

መንሱር ማጉያ በሚያከራይበት ቤቱ ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ተቀበላት።

«ዒምራን አሸዋ ነው ይላል፤ እርስዎስ?» አለችው።

መንሱር ከንፈሩን አጣመመ። «ይዋሻል። የአፋር ጨው ነው፣ ተወቅጦ። ኸይሩ ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ፣ ቁርዓን አስመትቶ። ያ አማቹ ቀለሙን እንደማያውቅ የሚሆነው ለምን ይመስልዎታል? ይጠርጥሩት እንጂ።»

ተናኜ ወደ ጣቢያው ተመልሳ ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጠች። አሸዋ፣ ዱቄት፣ ጨው። ሳጥኑ ፊት ለፊቷ ደርቋል፤ አራቱም ጎኖች ለዓይን አንድ ናቸው። ሟቹ ውሸታም ነበር፤ ውሸታም ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ ይሰፋል።

የጎረቤት ፍየል በአጥር ቀዳዳ ገባች። ሳጥኑን ዞረች፤ አንዱን ጎን አሸተተች፣ ተወችው። ሌላውን አሸተተች፣ ተወችው። ዝንቡ የተጣበቀበት ጎን ላይ ስትደርስ ግን ምላሷን አውጥታ መላስ ጀመረች። ሲያባርሯትም ተመልሳ መጣች።

በሦስተኛው ቀን ዱዓው አብቅቶ ሰዉ ገና ከኸይረዲን ደጅ ሳይበተን ተናኜ ሳጥኑን አስመጣች። ዒምራን በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆሟል። እንድሪስ አፈሙዙን ወደ ዒምራን አድርጎ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አጋድሟል። ዘሊካም መንሱርም ነበሩ። ፍየሏ በገመድ ተስባ መጣች፤ ማንም አልሳቀም።

«ልቀቋት» አለች ተናኜ።

ፍየሏ በቀጥታ ያንኑ ጎን ላሰች።

«ሐኪሙ ቁስሉ የብረት ማዕዘን ያደረሰው ነው ብሏል። ገዳዩ የመታው በዚሁ ሳጥን ነው። ደሙ የተፋቀው ጎን ላይ ፈሰሰ፤ የተፋቀ ብረት ላይ የፈሰሰ ደም ደግሞ ቢጠርጉትም አይለቅም። ስለዚህ ቀባው። ዝንቡ የመጣው ከሥር ላለው ደም ነው።»

«የቀባውስ?» አለ እንድሪስ።

«አሠራሩን የሚያውቅ፣ ቡርሹን እየወቀጠ የቀባ ሰው። ያንን ግን ደጋግሞ ያየ ሁሉ ይችላል። ዒምራን ቢሆን የሚጨምረው አሸዋ ነው፣ አጠገቡ ሙሉ ጣሳ አለ። ዘሊካ ብትሆን ዱቄት ነበር። ኸይሩ ለሁሉም የተለያየ ነገር ነግሯል፤ እርስዎንስ ምን አልዎት?»

እንድሪስ መሬት መሬት አየ። «የተፈጨ የፍየል ቀንድ።»

«ፍየል ቀንዷን አትልስም፣ ጋሽ እንድሪስ። የምትልሰው ጨው ነው። ሱቁ ውስጥ ለምሳ የሚሆን ጨው ነበር፤ ከቀለም ጋር ያዋሐደው ጨው ነው ተብሎ የተነገረው ሰው ብቻ ነው።»

መንሱር መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ እንቅልፍ አጥተዋል።

«ለምን ብዬ እገድለዋለሁ?»

ተናኜ ቢላ አውጥታ ፍየሏ ያሳሳችውን ቀለም ፋቀች። መጀመሪያ የደረቀ ደም እንደ ዝገት ረገፈ። ከሥሩ በሚስማር የተወቀረ ስም ብቅ አለ። ኑርዬ።

«ኑርዬ ጅዳ ይዞት ሄደ ብለህ ያስወራኸው አምፕሊፋየር ይኸው። ሸካራ ቀለም ጉድፍ ይደብቅልሃል ብለህ አመጣኸው፤ ኸይሩ ግን ሳይፍቅ አይቀባም። ስሙን አነበበና ጠየቀህ። ገዳዩ አንተ ነህ፣ መንሱር።»

እንድሪስ ተነሳ። አፈሙዙ ከዒምራን ዞሮ መንሱር ደረት ላይ አረፈ። ተናኜ መሃል ገባች።

«ስም ጠራሁልዎት። ቃልዎ ይኸው ነበር።»

እንድሪስ መሣሪያውን አወረደና በእሷ ትከሻ ላይ አሻግሮ ጠየቀ።

«ኑርዬ የት ነው?»

የመንሱር ድምፅ እንደ አሮጌ ማጉያ ተሰነጣጠቀ።

«ጎሊና። ከሾላው ሥር፣ አሸዋው ውስጥ።»

ፖሊሶቹ ዒምራንን ለቀቁት። አልተንቀሳቀሰም። ጥፍሩ ውስጥ የቀረውን ጥቁር ደቃቅ አሸዋ ያይ ነበር፤ ከዚያ ቦታ እሱና ኸይሩ ዓመታት ሙሉ ዝቀዋል፣ የቆቦ ሰርግ ሁሉ በዚያ አሸዋ በተቀባ ሳጥን ጨፍሯል። ቀስ ብሎ ወደ ሱቁ ሄደ፣ ቀለም የሚያስለቅቀውን የቲነር ቆርቆሮ ከፈተና እጆቹን እስከ ክርኑ ነከራቸው።