ፒክአፑ በስንተኛ ማርሽ ነበር?

መጋቢት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ። መካኒኩ ሰዓቱን የሚያስታውሰው ፊቱን እየታጠበ የእናቱን ጩኸት ሲሰማ ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሰዓት ስለነበር ነው።

አባቱ በግቢው በር ምሰሶና በአሮጌው ፒክአፕ መካከል ተጣብቀው ነበር። አንድ እጃቸው በመስኮት ገብቶ መሪው ላይ ቀርቷል። ቁልፉ እንደተሰካ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል።

ልጁ በወዲያኛው በር ገብቶ ጎንበስ አለ። ከዚያ ወጥቶ መኪናውን በትከሻው ወደ ኋላ ገፋው፤ ጎማው ሥርም ድንጋይ ወሸቀ። አባቱ በእናቱ እጅ ላይ ወደቁ። ትንፋሽ አልነበራቸውም።

መርማሪዋ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። አጭር፣ እርሳስ የማኘክ አመል ያለባት ሴት ናት።

«መጀመሪያ የደረስከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ማርሹ ስንት ላይ ነበር?»

«ዜሮ ላይ። ስገፋው ሄደ።»

«የእጅ ፍሬኑስ?»

«ሰኞ ዕለት ተበላሸ።»

ጻፈች። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ መካኒኩ ቃሉን ሊመልሰው አልቻለም።

ግቢው ወደ በሩ ትንሽ ያዘነብላል። ፍሬን የሌለው፣ ዜሮ ማርሽ ላይ ያለ መኪና የአንድ ሰው ግፊት ይበቃዋል። ሌሊቱን ሙሉ የቆመ መኪና ደግሞ ጠዋት በራሱ ፈቃድ አይነሳም። መርማሪዋ ወደ ኋላ ዞረች። የጭነቱ መዝጊያ አቧራ ላይ የሁለት መዳፍ ምልክት አለ።

«ይህ የማን እጅ ነው?»

ሰፈሩ መልሱን ለመስጠት አልዘገየም። ጎረቤታቸው ነው፤ ከድምፁ የተነሳ ጥሩንባ ይሉታል። ሰኞ ማታ ፒክአፑ በሩን ስለዘጋበት መዝጊያውን በሁለት እጁ እየደበደበ «ይህን ቆርቆሮ አንድ ቀን ገፍቼ እላይህ ላይ ነው የምጥለው!» ሲል ያልሰማው አልነበረም። የሞቱት ሰውዬ ስቀው ነበር መኪናውን ወደ ኋላ እየነዱ ወደ ግቢ ያስገቡት።

ጥሩንባ ታሰረ።

መካኒኩ «እሱ አፉ እንጂ እጁ ማንንም ነክቶ አያውቅም» ሊል ነበር። አላለም።

በልቅሶው ቤት ሦስት ቀን ሙሉ ብርጭቆ ያጠበችው የጥሩንባ ሚስት ናት። ማንም ነይ ሳይላት መጣች። ሰዎች ሲንሾካሾኩ እየሰማች አጠበች። በሦስተኛው ቀን መካኒኩን ጓዳ ውስጥ ብቻውን አገኘችው።

«ወንድሜ፣ ባሌ ተሳዳቢ ነው። እኔንም ሲሳደብ ነው የሚውለው። ግን አባትህን ይወዳቸው ነበር። አንተ ታውቀዋለህ አይደል?»

«አውቀዋለሁ» አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷ ሐዘን መሰላት። እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች፤ እጇ እርጥብ ነበር። ያን ጊዜ ብትመታው ይሻለው ነበር።

በአራተኛው ቀን መርማሪዋ ተመልሳ ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ስለ መኪናው ይንገሩኝ እስቲ።»

«ምን እነግርሻለሁ ልጄ። አውቶማቲክ ነበር። ባሌ አናጢ ነው፤ ሲንበረከክ ኖሮ ግራ ጉልበቱ አልቋል። የፍሪሲዮን ፔዳል መርገጥ ስለሚያመው ነው እሱን የገዛው። ካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ የሞተ ጊዜ፣ ይኸው ልጄ ከተገለበጠ መኪና ሌላ አምጥቶ፣ ብቻውን፣ በእጅ የሚቀየር አደረገው። ሰፈሩ ሁሉ ጉድ አለ።»

«ሰኞ የእጅ ፍሬኑ ሲበላሽ እንዴት አቆሙት?»

«ልጄ ነግሮታላ። አንደኛ ማርሽ አስገብተህ አጥፋው ብሎታል። እሱ ደግሞ ልጁ ያለውን አንዲት አያጓድልም። ሰኞ ማታ 'አንደኛ!' ብሎ ነው ማርሹን ያስገባው፤ እንደ ተማሪ። አሳቀኝ።»

እርሳሱ ከመርማሪዋ ጥርስ መሃል ወጣ።

«መካኒክ፣ ና እስቲ ወደ ውጭ።»

ፒክአፑ እዚያው ነው። በሩን ከፍታ ማርሹን አንደኛ ላይ አስገባች። ከጎማው ሥር ድንጋዩን በእግሯ አወጣች። በሩን ዘግታ ውጭ ቆመች፤ እጇን በመስኮት አስገብታ ቁልፉን ያዘች።

«አባትህ ጠዋት ጠዋት እንዴት ነበር የሚያስነሱት?»

«እንደዚሁ። አሥራ ስምንት ዓመት እንደዚሁ ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ጣውላ ይጭናሉ።»

«አውቶማቲክ ሳለ አያሰጋም?»

«አያሰጋም። ማርሽ ውስጥ ከሆነ ቁልፉን ቢያዞሩትም አይነሳም።»

«በእጅ የሚቀየረውስ?»

«ከፔዳሉ ሥር ትንሽ ስዊች ይገጠምለታል። ፍሪሲዮኑ ካልተረገጠ አይነሳም።»

«ይህኛው ተገጥሞለታል?»

«ተገጥሞለታል።»

«ጥሩ። ከምሰሶው ፊት ቁም።»

አልተንቀሳቀሰም።

«ተገጥሞለታል አላልከኝም? ባዞረው ምንም አይሆንም። ቁም።»

ሁለት እርምጃ ሄደ። ምሰሶው ላይ የአባቱ ኮት ክር ተይዞ ቀርቷል።

«አያዙሩት» አለ።

መርማሪዋ ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተች። ድንጋዩንም መልሳ ወሸቀች።

ራሱ ተንበርክኮ አሳያት። ከመሪው በታች ሁለት ሽቦዎች ተጠምዝዘው በጥቁር ፕላስተር ታስረዋል። ስዊቹ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ነበር፤ ማሸጊያው አልተቀደደም። ሥራው ባለቀ ቀን አባቱ አናቱ ላይ ቆመው «ጨረስክ ወይ? ነገ የማደርሰው በር አለ» ሲሉት ያለ ስዊች እንዲነሳ ሽቦዎቹን አጋጠማቸው። ለዛሬ ብቻ ብሎ። ሦስት ሳምንት ሆነው።

«ማርሹን ዜሮ ያደረግከው አባትህን ለማውጣት ነው» አለች መርማሪዋ። «ማንም ያደርገዋል። ለምን ዋሸህ?»

«እናቴ እንዳትሰማ ብዬ ነው።»



«ሰው የታሰረው ለእናትህ ነው?»



«እጁ ወርቅ ነው ይሉኝ ነበር» አለ። «ሰፈሩ ሁሉ። አባቴም ለሰው ሁሉ ይነግሩ ነበር።»

ቀና ሲል የጥሩንባ ሚስት ብርጭቆ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ እናቱ አለች። ሚስትየዋ ብርጭቆውን ኮፈኑ ላይ አስቀምጣ ወደ ቤቷ ሄደች። እናቱ ግን መጥታ ሽቦዎቹን አየቻቸው። ጎንበስ ብላ፣ ብዙ ጊዜ አየቻቸው።

ጥሩንባ በዚያው ቀን ተፈታ። ከእስር ቤት በቀጥታ ወደ ልቅሶው ቤት መጥቶ አለቀሰ፤ ድምፁ እስከ ዋናው መንገድ ተሰማ። መካኒኩ አሥራ አራት ወር ተፈረደበት። ፒክአፑን እናቱ ሸጠችው፤ የገዛው ሰውዬ ስዊቹን ሌላ ጋራዥ ወስዶ አስገጠመው። ሥራው ሃያ ደቂቃ ፈጀ።