ከማግኔት ይራቅ

«ፎቶ አንሺው! መጀመሪያ ፎቶ አንሺው እንጂ አትንኪው!»

ሬዲዮ የሚሉት ልጅ ይጮኻል። የጓደኛው የቆቅ እጅ ግን ቀድሞ ቆርቆሮው ውስጥ ገብቷል። የብስኩት ቆርቆሮ ነው፤ ክዳኑ ላይ የተሳለችው ጀልባ ቀለሟ ተልጧል። ከአያቷ ቁም ሣጥን ሥር፣ ከሦስት ብርድ ልብስ በታች ጎትታ ያወጣችው አሁን ነው። ውስጡ ስምንት ፍሎፒ ዲስኮች፣ የድሮ ኮምፒውተር ሥራ የሚቀመጥባቸው፣ በጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ ከሥራቸው ሁለት ባለካሬ ደብተሮች አሉ።

ሁለቱም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። የመጡት አያቷ ወደ እነቆቅ ቤት ስለሚዛወሩ ዕቃ ለመሸከም ነበር። «ቆቅ» የሚለውን ስም ያወጣላት አባቷ ነው፤ ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር የለም። ሬዲዮን ሬዲዮ ያሉት ደግሞ የክፍል ልጆች ናቸው። ምክንያቱን ምስጢር ነግሮት የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ቆቅ የመጀመሪያውን ደብተር ገለጠች። እያንዳንዷ ካሬ አንድ በአንድ በእርሳስ ቀለም ተሞልታለች። ደብተሩን ራቅ አድርጋ ስታየው ካሬዎቹ ተገጣጥመው ፋኖስ የያዘች ትንሽ ልጅ ሆኑ። ከሥሯ «የደሴቱ ፋኖስ፣ ክፍል አራት» ይላል።

«በለው!» አለ ሬዲዮ። «ክፍል አራት! ያ የጠፋው!»

«የደሴቱ ፋኖስ» ሦስት ክፍል ያለው የድሮ የኮምፒውተር ጌም ነው። የሠሩት ሁለት ጓደኛሞች ናቸው፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ። ሥዕሉን የሚሠራው የቆቅ አባት ነበር። ድምፁንና ዜማውን የሚሠራው ደግሞ ዜማ ሲመጣለት አስቀድሞ ስለሚያፏጨው «ፉጨት» የሚሉት ሰው ነው። አራተኛውን ክፍል ከጀመሩት በኋላ፣ ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት፣ ዕቃው ሁሉ ድንገት ጠፋ። አባቷ ለአንድ መጽሔት «ጓደኛዬ ነው የወሰደው» ብሎ ተናገረ። የጌሙ ወዳጆች ኢንተርኔት ላይ ሲሰባሰቡ እስከ ዛሬ ፉጨትን የሚጠሩት «ሌባው» እያሉ ነው።

ፉጨት አሁን ጊታር ይጠግናል። ሱቁ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ፣ አባቷ ከሱቁ በፊት ያለው ፋርማሲ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ወደ ማዶ ይሻገራል። ቆቅ በድሮው ኮምፒውተር ስትጫወትም ከኋላዋ መጥቶ «ድምፁን ዝጊው» ይላታል። ሦስቱንም ክፍሎች ጨርሳለች፤ አንድም ዜማ ግን ሰምታ አታውቅም።

ሬዲዮ ክዳኑን ገለበጠው። በውስጥ በኩል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ «ከማግኔት ይራቅ!» ይላል፣ ከነቀኑ። ማግኔት ዲስክ ላይ ያለውን ሁሉ ይፍቃል። ፊደሎቹ ካሬ የሚሞሉ ይመስል ማዕዘን ማዕዘን አላቸው። አባቷ የአስቤዛ ዝርዝር እንኳ የሚጽፈው እንደዚሁ ነው።

«የአባትሽ ጽሑፍ አይደል?»

ቆቅ ፊደሎቹን በጣቷ ዳሰሰች። ባይሆን በወደደች።

«እማማ! ይሄ ቆርቆሮ የማን ነው?»

አያቷ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አጎነበሱ። «እሱማ የአባትሽ ነው። ያኔ ትኩሳት ሊጥለው ሲል፣ ዓይኑ ደም መስሎ መጣና ‹የጓደኛዬ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አለው፣ ዕቃችንን ያጠፋብናል፣ እዚህ ይቀመጥ፣ ማንም እንዳይነካው› አለኝ። ይኸው አልነካሁትም!» አሉ በኩራት።

«ታዲያ ጠፋብኝ ሲል ለምን አልነገሩትም?»

«መቼ ጠየቀኝ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሱን ስቶ ሰነበተ። ከተነሳ በኋላ ዲስክ ጠፋኝ፣ ዲስክ ጠፋኝ ይላል። እኔ የማውቀው የብስኩት ቆርቆሮ ነው።»

ሬዲዮ ሳቁን መቻል አቅቶት አፉን ያዘ። ቆቅ ግን አልሳቀችም። አባቷ የታመመበትን ጊዜ «ከራሴ ተፍቋል» ሲል ሰምታዋለች።

አያቷ ሲወጡ ሬዲዮ ስልኩን አወጣ። «ስሚኝማ፣ ኢንተርኔት ላይ እንለጥፈዋለን፤ ከአሮጌ ዕቃ ተራ ገዛነው እንላለን። የአባትሽ ስም አይነሳም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ነው የሚንጫጫው!»

«ፉጨትስ?»

«ፉጨት ምን ሆነ?»

«ከአሮጌ ዕቃ ተራ ተገኘ ካልን፣ ሰርቆ ሸጦት ነው ይላሉ። ሌባ እንደተባለ ሊቀር ነው።»

ሬዲዮ ዝም አለ። በሕይወቱ ዝም ሲል ይህ ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም። «እሺ፣ ግን እስከ መቼ? እኔ እኮ እፈነዳለሁ።»

«እስከ ነገ ቻለው።»

ቆርቆሮውን መልሳ ብርድ ልብሱ ሥር ልትከተው ዳድቷት ነበር። አባቷ ሲያፍር አይታው አታውቅም፤ ማየትም ፈራች። በመጨረሻ በሹራቧ ጠቅልላ ይዛው ወጣች።

አባቷ በቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቁ ውስጥ አቀርቅሮ ሽቦ ይበይድ ነበር። ቆርቆሮውን ፊቱ አስቀምጣ ክዳኑን ገለበጠችለት። አነበበው። መበየጃውን ነቀለና ጽሑፉን እንደገና አነበበው።

«የት አገኘሽው?»

«እማማ ቤት። ሳትታመም በፊት ያስቀመጥከው አንተ ነህ አሉ።»

የዲስኮቹን ጨርቅ ገለጥ አድርጎ አየ። ከዚያ ደብተሩን ገለጠ። ፋኖስ ከያዘችው ልጅ ጎን ሌላ ሰው በተንጋደደ ጽሑፍ «አፍንጫዋ ድንች ሆኗል!» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ማዕዘናሞቹ ፊደላት «አንተ ፉጨትህን አሳምር» ብለው መልሰዋል። አባቷ ሳይታሰብ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ።

«አንድ ወንበር ብቻ ነበረችን» አለ። «እሱ ሲሠራ እኔ ቆሜ አያለሁ። እኔ ስሠራ እሱ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ያፏጫል። ኮምፒውተሩ ሲግል በደብተር እናራግብለታለን፣ እንደ ሕመምተኛ።» ዓይኑን ጠረገ። «ማን አየው?»

«እኔና ሬዲዮ።»

«ሬዲዮ ካየውማ አገር ሰምቷል።»

«አልተናገረም። ቃል ገብቷል።»

አባቷ ክዳኑን ቀስ አድርጎ ገጠመው። «ቢቀርስ? ሃያ ሦስት ዓመት አለፈ እኮ። አሁን ምን ይፈይዳል?»

ቆቅ «ይቅር» ብትለው ሁሉም ነገር እዚያው እንደሚያበቃ ገባት። ፊቱን ስታየው አሳዘናት፤ ልትለው ምንም አልቀራት።

«አባዬ፣ እኔ ዜማውን ሰምቼው አላውቅም» አለች።

በማግስቱ ጠዋት አብረው ወጡ። ቆርቆሮውን የያዘችው እሷ ነች። ፋርማሲው ጋ ሲደርሱ የአባቷ እግር እንደ ልማዱ ወደ አስፋልቱ ዳር ዞረ። ቆቅ ክንዱን አልያዘችውም፤ ዞራም አላየችውም። ቆርቆሮውን እንዳቀፈች ቀጥ ብላ መሄዷን ቀጠለች። ብዙ ከራመደች በኋላ ከኋላዋ ኮቴ ሰማች።

ሱቁ ውስጥ ፉጨት ጠረጴዛው ላይ ጊታር አጋድሞ ክር ይወጥራል። ፀጉሩ ሸብቷል። አጠገቡ ያለው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ቀስ ያለ ሙዚቃ ያሰማል። አባቷን በር ላይ ሲያየው እጁ ክሩ ላይ ቀረ።

አባቷ መንገዱን ሙሉ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚናገረውን ሲያጠና ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ማግኔት ፈርቼ ነው» አለ። «እናቴ ቤት አስቀምጬው ረሳሁት። አንተ አልወሰድክም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ለዓለም ሁሉ እነግራለሁ።»

ፉጨት ቆርቆሮውን አየ፣ ቆቅን አየ፣ እንደገና ቆርቆሮውን አየ።

«እናትህ ደህና ናቸው?» አለ።

«ደህና ናት።»

ቆቅ ኪሷ ውስጥ ስልኳ ሲርገበገብ ተሰማት፤ ሬዲዮ መሆኑ አያጠራጥርም። አላነሳችውም።

ፉጨት ከወንበሩ ተነሳ። ድምፅ ማጉያውን አጠፋና ከሶኬቱ ነቀለው። በሁለት እጁ ታቅፎ ከጠረጴዛው አርቆ፣ እስከ ሱቁ ጥግ ድረስ ወስዶ አስቀመጠው። ተመልሶ መጣና እጁን በሱሪው ጠረገ።

«አሁን አምጪው፣ ልጄ» አላት። «እዚህ አስቀምጪው።»