አንድ መስመር ሳታስቀሪ

መካኒኳ ልጅቷ በጋራዥዋ የምትጀምረውን የቅዳሜ ሥልጠና የፈቃድ ወረቀት ለእናትየው በእጇ አልሰጠቻትም። በርጩማዋን ወደ መተኮሻው ጠረጴዛ አስጠግታ፣ ዘይት የጠገበ ጣቷን ከመስመር መስመር እያስኬደች ቃል በቃል ታነብላት ጀመር።

«እናቴ ማንበብ አትችልም፤ እንዳያሳፍሯት» ብላ የነገረቻት ልጅቷ ናት። መካኒኳም «ከእኔ አይወጣም» ብላት ነበር። ይኸው፣ አፏ ባይናገር ጣቷ ተናገረ።

እናቷ የሰው ሸሚዝ እየተኮሰች ነው ያሳደገቻት። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር «እንፋሎቱ ዓይኔን አቃጠለኝ፣ እስቲ አንቺ አንብቢው» ትላለች። ይህን ገመና ከእናትና ከልጅ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«ማነው የነገረሽ?» አለች እናት፣ ካውያዋን አቁማ።

መካኒኳ ቀና ብላ ልጅቷን አየቻት።

«ገባኝ። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ በሉኛ!» ወደ መካኒኳ ዞረች። «አንቺስ? የልጅ ምስጢር አንድ ሳምንት መያዝ ያቃተሽ፣ ልጄን ምን አምኜ ነው የምሰጥሽ?»

«እውነትዎን ነው። ወረቀቱን በእጅዎ ሰጥቼ መጠበቅ ነበረብኝ። አጠፋሁ።»

«እሺ፣ ይኼን ንገሪኝ። ጋራዡ ውስጥ ልጅ ተጎድቶ ያውቃል?»

መካኒኳ ጣቶቿን አየች። «አምና የአንዲት ተማሪዬ ጥፍር ተነቅሏል። የመኪና ማንሻውን ክሪክ በደንብ ሳልፈትሽ ነው መኪና ከፍ እንድታደርግ ያዘዝኳት።»

«ወረቀትሽ ላይ አለ?»

«የለም።»

እናት አንድ እጅጌ ተኩሳ ጨረሰች። «እንዲህ አውሪኝ እንጂ! ቅዳሜ አብሬ እመጣለሁ። ክሪክ ያልሽውን ነገር በዓይኔ አይቼ ነው የምፈርመው። መፈረም እንኳ አያቅተኝም።»

በሩ ላይ መካኒኳ ልጅቷን «ይቅር በይኝ» አለቻት። ልጅቷ በቂም በሩን ዘጋችባት።

ስትመለስ እናቷ ወረቀቱን ገፋ አደረገችላት። «በይ አንቺ ድገሚው። አንድ መስመር ሳታስቀሪ።»

ነገሩ ወጋት። ባለፈው ወር ከትምህርት ቤት የመጣውን ደብዳቤ ስታነብላት፣ አምስት ቀን ከክፍል መቅረቷን የሚናገረውን መስመር ዘልላው ነበር። እናቷም «ጎሽ ልጄ» ብላ ግንባሯን ሳመቻት።

የመካኒኳን ወረቀት ወደ ጎን አደረገች። ከቦርሳዋ ሥር የተጨማደደውን የትምህርት ቤት ደብዳቤ አውጥታ በመዳፏ ዘረጋጋችው።

«እማ፣ ካውያውን አስቀምጪው» አለች። «መጀመሪያ ይኼን ልድገምልሽ።»